«ለጊዜው ነው» ያልኩት ብረት

የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ የዘር ወቅት ሲያበቃ ሞፈርና ቀንበሩን ከግድግዳ አስጠግቶ ያቆማል፤ ማረሻውን ግን ነቅሎ፣ ጭቃውን ጠርጎ፣ ከጎጆው ውስጥ ይሰቅለው ነበር። «ብረት ውጭ ካደረ ባለቤቱን ይከዳል» ይለን ነበር። ይህን እያየሁ ያደግሁ ሰው፣ አሜሪካ ገብቼ በዕቁብ ገንዘብ የገዛሁትን ብረት ውጭ አሳደርኩት። ውድ አንባቢያን፣ የደረሰብኝን ላጫውታችሁ፤ ምናልባት ከእናንተም መካከል ከጓሮው ብረት ያስተኛ ይኖራል።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ባለ ሰፈር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የዕቁብ ዕጣዬ ሲወጣ ከታክሲ ሥራዬ ጎን ለጎን የምሠራበት ያገለገለ የግቢ ትራክተር ከነተገጣሚ ዕቃዎቹ ገዛሁ። የሣር ማጨጃ፣ የማዳበሪያ መበተኛና በረዶውን እየዛቀ ወደ ጎን የሚተፋው ስኖው ብሎወር አብረው መጡ። በሙቀቱ ወራት ሣር ላጭድ፣ በብርዱ በረዶ ልጠርግ ማለት ነው።

ትራክተሩ ጋራዥ ገባ። ለተገጣሚዎቹ ግን ቦታ አልተረፈም፤ የሰፈሩ ደንብም ከጓሮ መጋዘን መሥራት አይፈቅድም። «ለጊዜው ነው» ብዬ ሣሩ ላይ ደረደርኳቸው። ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ አልብሼ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጭኜ፣ በቃ ተጠበቁ ብዬ ልቤን ጣልኩ።

ዓርብ ጃንዋሪ 22 ቀን 2016 ያ ትልቅ በረዶ መውረድ ጀመረ። ቅዳሜ ሌሊት ሲያባራ በሰፈራችን ሁለት ጫማ ያህል ተቆልሏል። ከደንበኞቼ አንዷ እማማ የምንላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ኢትዮጵያዊት እናት ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ኩላሊታቸውን የሚታጠቡበት ቀጠሮ አላቸው። ይህ ደግሞ ለነገ የሚባል ቀጠሮ አይደለም። ስልክ ደውዬ «እማማ፣ አይስጉ፤ እሑድ ደጅዎ ንጹሕ ይሆናል» አልኳቸው። «አንተ ካልክ ልጄ፣ ሌላ ሰው አላስቸግርም» አሉኝ።

እሑድ ሸራውን ስገልጥ ብረቱ የበርበሬ ቀለም ይዟል። በረዶ የሚተፋበት አፍ አልዞር አለኝ፤ በመዶሻ ብዬ ብዬ ዞረ። እማማ ደጅ ደርሼ አሥር ደቂቃ እንኳ ሳልሠራ፣ የመንገድ ጠራጊው መኪና ከመግቢያው ላይ ከምሮት የሄደውን የጠጠረ በረዶ ነከሰና፣ ጓ! ሞተሩ ይጮኻል፣ ጠመዝማዛው ምላጭ ግን አይዞርም።

<b>የሚሰበረው ሳይሰበር</b>

በዚህ ዕቃ ላይ ሺር ፒን የምትባል ትንሽ ቡሎን አለች። ሥራዋ መሰበር ነው። ምላጩ ድንጋይ ወይም የጠጠረ በረዶ ሲያገኘው እሷ ትሰበርና ምላጩ በዘንጉ ላይ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ውስጥ ያለው ጊር ቦክስ ይተርፋል። የእኔው ምላጭ ግን በዝገት ከዘንጉ ጋር እንደተበየደ ሆኗል። ፒኗ ብትሰበርም መንሸራተት አልቻለም፤ ኃይሉ በሙሉ ጊር ቦክሱ ላይ አረፈና ጥርሱን አረገፈው። የጥቂት ዶላር ቡሎን ልታድነው የተሠራችውን ዕቃ ለማስጠገን ከ700 ዶላር በላይ ከፈልኩ። ያውም የዕቁቡን ክፍያ ገና ሳልጨርስ!

የዕለቱን ነገር ልጨርስ። ለዕቁብ ጓደኞቼ ደወልኩ። አምስት ሆነው አካፋ ይዘው፣ በበረዶ ውስጥ በእግራቸው መጡ። ማታ ላይ ደጁ ተከፈተ፣ እማማም ሰኞ ከቀጠሯቸው ደረሱ። ቃሉን የጠበቁት ግን እነሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። በዚያ ቀን የቀጠርኳቸው ሌሎች ደንበኞች ደግሞ ተመልሰው አልጠሩኝም።

<b>ሸራው ምን በደለ?</b>

አገር ቤት ለረጅም ዓመታት በመካኒክነት የሠሩ አንድ ጋሼ ዕቃውን ሊያዩልኝ መጡ።

«ብረትን በላስቲክ አፍነህ ሣር ላይ አስተኛ ያለህ ማነው?» አሉኝ።

«ከዝናብ ልጠብቀው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ከላይ የሚመጣውን ከለከልክ። ከታች የሚመጣውንስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝገት የሚወለደው ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙ ነው። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት ላስቲኩ ውስጥ ይታፈናል፤ ሌሊት ብረቱ ሲቀዘቅዝ እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ያርፋል፤ ነፋስ ስለማያገኘው ቶሎ አይደርቅም። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዘንግና በምላጩ ቱቦ መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ሞልቶ የሚያጣብቀውም ለዚህ ነው። የመንገድ ጨው ሲጨመርበት ይፋጠናል። ብዙው የፋብሪካ ማዳበሪያም ጨው ስለሆነ መበተኛውን ሳያጥቡ ማሳደር ያው ነው።

<b>ታዲያ ምን ይደረግ?</b>

ጋሼ ያስተማሩኝንና በኋላም በሥራ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ እጠቡ፣ ከዚያ አድርቁ። ከማጨጃው ሆድ ሥር የተለጠፈ ሣር እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ፍቃችሁ አውጡት። በኃይል የሚረጭ ውሃ ግን ኩሽኔታ ላይ አታነጣጥሩ፤ ግራሶውን አጥቦ ውሃ ያስገባበታል።

ሁለተኛ፣ ከመሬት አንሡ። የእንጨት ፓሌት ወይም ብሎኬት ይበቃል። ሸራው እንደ ጣሪያ ከላይ ይሁን፤ ጎንና ጎኑ ለነፋስ ክፍት ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቀለም የለቀቀውን ቦታ የሚነሣውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አንሡለት። ለቀረው ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት መድኃኒት አለ፤ በጓንትና በመነጽር ቀቡት። ሲደርቅ አንቲ ራስት፣ ከዚያ ቀለም። በሚረግፍ ዝገት ላይ ቀለም መቀባት ቁስል ሳያጥቡ መጠቅለል ነው።

አራተኛ፣ ቀለም የማይቀባውን የሚያብረቀርቅ ብረት ግራሶ ወይም ከበግ ሱፍ የሚገኘውን የላኖሊን ቅባት ቀቡት። ብዙዎቻችን ለሁሉም ነገር ደብሊው ዲ 40 እንረጫለን። ይህ ቅባት በ1953 ሳን ዲዬጎ ውስጥ የተቀመመ ሲሆን፣ ስሙ ራሱ «ውሃ አባራሪ፣ 40ኛው ሙከራ» ማለት ነው። ውሃ ያባርራል፤ ነገር ግን ስስ ስለሆነ ወራት ለሚያድር ብረት ብቻውን አይበቃም። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አትቀቡ፤ እየተንጠባጠበ አፈሩን ይመርዛል።

አምስተኛና ዋናው፣ የሚንቀሳቀሰውን አንቀሳቅሱ። በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቁልፉን ነቅላችሁ፣ ሺር ፒኖቹን አውጡና ምላጩን በእጅ አዙሩት። ዘንጉ ሳይዞር ምላጩ ብቻውን ከዞረ ደኅና ነው፤ በግራሶ መስጫው ግራሶ ስጡትና ፒኑን መልሱ። ፒን ጠፋ ብላችሁ ጠንካራ ቡሎን አታስገቡ፤ መሰበር ያለበት ካልተሰበረ የኔ ዕጣ ይደርሳችኋል። የጊር ቦክሱን ዘይት እዩ፤ ቺንጋውን ፈትታችሁ ቤት አስገቡ።

ይህ ሁሉ የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በኦክቶበር ቀኑን አላሳልፍም። ተገጣሚዎቹ ዛሬም ውጭ ናቸው፤ ግን ፓሌት ላይ፣ ነፋስ እያገኛቸው፣ ግራሶ ጠጥተው ነው። ያ ስኖው ብሎወርም እስካሁን ይሠራል።

ወገኖቼ፣ እኛ ስደተኞች «ለጊዜው ነው» ማለት እንወዳለን። ሻንጣውንም፣ ሥራውንም፣ ቤቱንም ለጊዜው እንላለን፤ ጊዜውም ዓመታት ይሆናል። ሰው ይህን ይችለው ይሆናል። ብረት ግን አይችልም። አባቴ ማረሻውን የሚሰቅለው እኮ በሚቀጥለው ዓመት እንደሚያርስበት ስለሚያውቅ ነበር።