የተኛውን የመቀስቀስ ሥልጣን

ላፕቶፑን ከድኖ፣ ተኝቷል ብሎ በቦርሳ ከትቶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ከሄደ በኋላ ሲያወጣው እንደ ጋለ ምጣድ የሚፋጅ፣ ባትሪውም የተሟጠጠ ሆኖ ያገኘው ሰው፣ ጥፋቱን በባትሪው እርጅና ያሳብባል፤ ዳሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ከላፕቶፑ ሳይነቀል የቀረው የገመድ አልባው ማውስ መቀበያ ነው፤ ማውሱ በቦርሳው ውስጥ በተንገላታ ቁጥር የተኛውን ኮምፒዩተር ይቀሰቅስ ዘንድ ሥልጣን አለውና። ይህን ሥልጣን የሰጠው ባለቤቱ አይደለም፤ ነባሪ ቅንብር በሚባለው ዝምተኛ ውሳኔ፣ እርሱ ሳይጠየቅ አስቀድሞ የተሰጠ ነው።

የኮምፒዩተር እንቅልፍ ከሞት የተለየ ነው። ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1996 ባወጡት፣ ኤሲፒአይ በተባለው ሥርዐት ኤስ3 ተብሎ የተሰየመው እንቅልፍ፣ ፕሮሰሰሩን ጸጥ አሰኝቶ፣ የተጀመረውን ሥራ የያዘውን ሜሞሪና እንዲቀሰቅሱ የተሾሙትን መሣሪያዎች ብቻ በኢምንት ኃይል ያቆያል። በገዳም ሌሊት ለማኅሌት ደወል የሚደውለው ለዚሁ የታዘዘ አገልጋይ እንጂ በደጅ ያለፈ ሁሉ እንዳልሆነ፣ እዚህም ጭንቁ ደዋዩን መሾም ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ሊኑክስ የያዘው ሕግ እጅግ የታሰበበት ሆኖ ይታየኛል። መቀስቀስ ለሚችል ለእያንዳንዱ መሣሪያ «ዌክአፕ» የሚባል ፋይል አለ፤ በውስጡም መፈቀዱ ወይም መከልከሉ ይጻፋል፤ ለአብዛኞቹ ነባሪው ክልከላ ነው። ከክልከላው የሚወጡት በተለይ የማብሪያው ቁልፍ፣ ኪቦርዱ፣ እንዲሁም ባለቤቱ ራሱ ለዚህ ያዘጋጀው የኔትወርክ ካርድ ናቸው። ኪቦርዱ ተፈቅዶለት ማውሱ የሚከለከልበትን ምክንያት ሳስበው፣ ፊደል ያለ ጣት እምብዛም አይጫንምና ከበስተጀርባው የሰው ፈቃድ አለ፤ ማውስ ግን ጠረጴዛ በተነካ፣ ገመድ በተጎተተ ጊዜ እንበለ ፈቃድ ይነቃነቃል።

ለኔትወርክ ካርዱም የተሰጠው የመቀስቀሻ ቃል በአጋጣሚ የማይነገር ነው፤ መልእክቱ በመጀመሪያ 6 ባይት ሁሉም አሐድ የሆኑ ምልክቶችን፣ ቀጥሎም የካርዱን የራሱን ባለ48 ቢት አድራሻ 16 ጊዜ ደጋግሞ የያዘ፣ በጠቅላላው 102 ባይት ነውና፣ በመስመሩ የሚመላለሰው ሌላ ወሬ ይህን መምሰሉ ከቶ የሚታሰብ አይደለም። ይሁን እንጂ አድራሻውን የሚያውቅ፣ በዚያው ኔትወርክ ላይ ያለ ማንም ሰው ያለ ይለፍ ቃል ሊልከው ይችላል፤ ስለዚህ ባለቤቱ እስኪያዝ ድረስ በሩ ተዘግቶ መቆየቱ ተገቢ ነው።

የዊንዶውስ ተጠቃሚም ጉዳዩን መመርመር አያቅተውም፤ በትእዛዝ መስኮቱ «ፓወርሲኤፍጂ» የተባለው መሣሪያ ኮምፒዩተሩን በመጨረሻ የቀሰቀሰው ምን እንደሆነ፣ ሥልጣን ያላቸውም መሣሪያዎች እነማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ይናገራል። ከዝርዝሩ ማውሱ ከተገኘ፣ በዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ ኮምፒዩተሩን እንዲቀሰቅስ የሚፈቅደውን ምልክት ከላዩ ማንሳት ነው፤ ኪቦርዱን ግን እንዳለ ተዉት፣ ማለዳ ለሥራ የሚቀርብ ሰው ማንኳኪያ ያስፈልገዋልና።