የኢጣልያ ከተሞች የብር ገንዘብ

በመካከለኛው ዘመን ራሳቸውን በራሳቸው ያስተዳድሩ የነበሩት የኢጣልያ ከተሞች የየራሳቸውን የብር ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር። የዚህ ገንዘብ ታሪክ በነጋዴ ዘንድ ሊታወቅ የሚገባው ነው፤ ገንዘብ ሲረክስ ጉዳቱ በሁሉም ላይ እኩል እንደማይወድቅ በግልጽ ያሳያልና።

የሒሳቡ መሠረት የቆመው በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በንጉሥ ሻርለማኝ ዘመን ነው። በዚያ ደንብ መሠረት ከአንድ ሊብራ ብር 240 ዴናሮ ይወጣ ነበር፤ 12 ዴናሮ አንድ ሶልዶ፣ 20 ሶልዶ ደግሞ አንድ ሊራ ተብሎ ይቈጠር ነበር። ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን በእጅ የሚጨበጠው ዴናሮ ብቻ ነበረ፤ ሶልዶና ሊራ የመዝገብ ስሞች ነበሩ።

ብር ሲያንስና የከተማው ወጪ ሲበዛ የከተሞቹ ሹማምንት በዴናሮው ውስጥ መዳቡን እያበዙ ሄዱ። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ዴናሮ እጅግ ቀልሎ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሸቀጥ ለሚገዛ ነጋዴ የማይመች ሆነ።

ስለዚህ ቬኒስ በዶጄ ኤንሪኮ ዳንዶሎ ዘመን (1192–1205) ግሮሶ የተባለውን ገንዘብ አወጣች። ክብደቱ ከ2 ግራም ጥቂት የሚበልጥ፣ ብሩም ከሞላ ጐደል ንጹሕ ነበር። ከተማይቱ ክብደቱንና ጥራቱን ከመቶ ዓመት በላይ ሳታጓድል ስለ ጠበቀች በምሥራቅ ሜዲቴራኒያን ወደቦች ታመነ፤ የሰርቢያ ነገሥታትም አስመስለው አስቀረጹት።

የዕለት ገበያው ዴናሮ ግን መርከሱን አላቋረጠም። በዚህም ምክንያት በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይሠራ ጀመር፤ አንዱ ለትልቅ ንግድ፣ ሌላው ለእንጀራ መግዣ።

ፍሎሬንስ ለዚህ ዋና ምሳሌ ናት። በ1252 የወጣው የወርቅ ፊዮሪኖ በመጀመሪያ 20 ሶልዶ ያወጣ ነበር፤ በ1500 ገደማ ግን 140 ሶልዶ ደረሰ። ወርቁ አልተለወጠም፤ የረከሰው ትንሹ ገንዘብ ነው። የሱፍ ጨርቅ ነጋዴዎች ዕቃቸውን በፊዮሪኖ እየሸጡ ለሠራተኛው በትንሹ ገንዘብ ይከፍሉ ስለ ነበር፣ የቀን ሙያተኛው ደመወዝ ቍጥሩ ሳይነካ ዋጋው ይቀንስበት ነበር። በ1378 ቾምፒ የተባሉት የሱፍ ሠራተኞች ባመፁ ጊዜ ከቅሬታቸው አንዱ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ግሮሶን ያስከበረው የተቀረጸበት ምስል ሳይሆን ሳይጓደል የተጠበቀው ሚዛን ነው። ዴናሮም ምስሉን እንደ ያዘ ኖሮ ዋጋውን አጥቷል፤ ኪሳራውም የወደቀው ሌላ ገንዘብ ለመምረጥ ዐቅም በሌለው ሰው ላይ ነው።