የኮመጠጠ መሬትና የኖራ ድንጋይ በደዶ

ከጅማ ከተማ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ ወደ ደዶ ደጋ ሲወጣ፥ ቡናው በዝቅተኛው ስፍራ ይቀርና ገብስ፥ ባቄላና ድንች ይተካሉ። አፈሩ ቀይና ጥልቅ ነው፤ ዝናቡም አይነጥፍም። ይህን ለምለም አገር የሚያይ እንግዳ መሬቱ ተርቧል ቢሉት አያምንም። ይሁን እንጂ በጾም ወራት የቤት መጠጊያ የሆነው ባቄላ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፤ ገበሬውም በብድር የገዛውን ማዳበሪያ ቢጨምርበት እምብዛም ለውጥ አያገኝም።

ነገሩ ከመሬቱ መኮምጠጥ የመጣ ነው። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን ለረዥም ዘመን አጥቦ ወስዶታል፤ እኽሉም ገለባውም ከማሳው ሲወጡ ከዚሁ ሀብት ይዘው ይሄዳሉ፤ ዩሪያ ማዳበሪያም ኮምጣጣነቱን ይጨምራል። መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ 7 ማእከላዊ ሲሆን፥ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው ዐሥር እጥፍ የኮመጠጠ ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ ማዳበሪያው በማሳው ውስጥ እያለ ለተክሉ እንደሌለ ይሆናል። ቡናና ሻይ ይህን ዓይነት መሬት ከገብስና ከባቄላ ይልቅ ይችሉታል። ችግሩ የደዶ ብቻ አይደለም፤ ከሚታረሰው የኢትዮጵያ መሬት 40 ከመቶ ያህሉ ኮምጣጣ ነው ይባላል።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ነገር ግን ጥቂት በትኖ መተው አይበቃም። ቡሃቃዋን ለቅለቅ አድርጋ ያስቀመጠች እመቤት፥ በግድግዳው የቀረው እርሾ አዲሱን ሊጥ እንደሚያቦካው ታውቃለች፤ ሸክላማ አፈርም እንዲሁ የኮምጣጣነት ጎተራ አለውና የጠፋ የመሰለው ይመለሳል። በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች ውሃው እንዳይኮመጥጥ የኖራ ድንጋይ ወይም የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድንጋዩ በዝግታ እየሟሟ የሚመጣውን ኮምጣጣ ያበርዳል።

ለማሳ የሚያስፈልገው መጠን በአፈር ምርመራ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ በሔክታር ከ20 ኩንታል በላይ ይሆናል። ከመዝራት አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይደገማል። ለዚህ ሥራ ግድግዳ የሚቀባበት የተቃጠለ ኖራ አይደለም የሚፈለገው፤ እርሱ እጅና ዓይን ይጎዳል። ከባዱ ነገር ማጓጓዣው ነው። እንደ እኛ አስተያየት ግን ገበሬው ለማዳበሪያ ከመበደሩ በፊት አፈሩን ቢያስመረምር ይሻለዋል፤ ኖራው ቢያንሰው በየመሥመሩ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይችላል።

ለጓሮ ደግሞ የምድጃ አመድ ይረዳል። አመዱ ለጎመንና ለባቄላ መደብ ይበተን፤ ከትኩስ ፍግ ጋር አይቀላቀል፥ የፍጉ ናይትሮጅን በአየር ይጠፋልና። በድንች መደብ ላይ ግን አይብዛ፤ ድንች ኮምጣጣ መሬት ይችላል፥ አመድና ኖራ ሲበዛበትም ልጣጩን እከክ ይይዘዋል።