በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ስለ ታላቁ ፊደል

የእንግሊዝኛ ፊደል እያንዳንዱ ታላቅና ታናሽ ሁለት መልክ አለው። በግእዝ ፊደል ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የለም፤ «ጅማ» የከተማ ስም ሲሆን «ጅማት» የወል ስም ነው፤ የሁለቱም «ጅ» አንድ ነው። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ በጅማና በአጋሮ፣ በሊሙና በጎማ በዚህ ቋንቋ የሚማሩ ልጆች ታላቁን ፊደል አስቀድመው ያውቁታል። መምህሩም ትምህርቱን ከዚያ ቢጀምር ሥራው ይቀልለታል።

በብራና መጻሕፍት የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ ይህም ስለ ክብር ነው። ታላቁ ፊደል ግን የክብር ምልክት አይደለም። የንጉሡም የሌባውም ስም እኩል በታላቅ ፊደል ይጀምራል። በእንግሊዝኛ «እኔ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ በታላቅ ፊደል ሲጻፍ፣ ሽማግሌ የሚጠራበት «እርስዎ» በዓረፍተ ነገር መካከል በታናሽ ይጻፋል፤ ነገሩ ስለ ክብር ቢሆን ኖሮ ተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። ስለዚህ ታላቁ ፊደል፣ ከዓረፍተ ነገር መነሻ ሌላ፣ ስመ ተጸውዖን ከወል ስም የሚለይ ምልክት መሆኑ ይታወቅ። ሥርዓቱም የሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የሰው፣ የአገር፣ የከተማና የወንዝ ስም በታላቅ ፊደል ይጀምራል፤ አባ ጅፋር፣ ኢትዮጵያ፣ ጅማ፣ ጎጀብ እንደ ማለት ነው። «ጊቤ ወንዝ» ሲባል ሁለቱም ቃላት ታላቅ ፊደል ይይዛሉ፤ «ወንዙ ሞላ» ሲባል ግን ወንዝ በታናሽ ይጻፋል።

2ኛ፤ የዕለታትና የወራት ስም በታላቅ፣ ክረምትና በጋ ግን በታናሽ ይጻፋሉ።

3ኛ፤ የሕዝብ ስም፣ ከእርሱም የወጣ ቅጽል፣ የቋንቋውም ስም ሁሉ በታላቅ ፊደል ይጻፋሉ። በፈረንሳይኛ ግን ሰውዬው በታላቅ፣ ቅጽሉና ቋንቋው በታናሽ ስለሚጻፉ፣ ያን ቋንቋ የተማረ ሰው ሁለቱን እንዳያደባልቅ ይጠንቀቅ። «ኢትዮጵያዊ ቡና» ብለን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የፊተኛው ቃል በታላቅ፣ ቡና ግን በታናሽ ፊደል ይጀምራል።

ስለ ቡና ከተነሣ፣ የእንግሊዝኛው ቃል «ኮፊ» ከከፋ ስም ወጣ የሚሉ አሉ፤ ብዙዎቹ የቋንቋ ሊቃውንት ግን ከዐረብኛው «ቀህዋ» ያመጡታል። ከየትም ቢመጣ የወል ስም ሆኗልና በታናሽ ይጻፋል፤ ከፋ ግን የአገር ስም ነውና በታላቅ። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 እ.ኤ.አ. ለቡና ተክል ያወጣለት ስም «ኮፌያ አራቢካ» ነው። በዚህ የሁለተኛው ቃል መነሻ የዐረብ አገር ስም ሲሆን በታናሽ ፊደል ይጻፋል። ይህ የዕፅዋት ሊቃውንት ደንብ እንጂ የእንግሊዝኛ ሰዋስው አይደለምና ለብቻው ይጠና።

መምህራን በዚህ ነገር ሊተጉ ይገባል። ልጁ «እንግሊዝ» የሚለውን ከመጽሐፍ አይቶ በታላቅ ፊደል ይጽፋል፤ ኦሮሞን፣ የምን፣ ዳውሮን፣ አማራን ግን ከመጽሐፉ ስላላገኘ በታናሽ ይጽፍ ይሆናል። ታላቁ ፊደል ክብር ባይሆንም ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን መንፈግ አድልዎ ያስመስላል። ሥርዓቱ ግን ሕዝብን ከሕዝብ አያበላልጥም፤ ለሁሉም አንድ ነው።

ለመለማመጃም «ነጋዴው ሰኞ ቀን ኢትዮጵያዊ ቡና ከአጋሮ ወደ ጅማ ጫነ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ያስጽፉ። ከዓረፍተ ነገሩ መነሻ ቃል ሌላ ታላቅ ፊደል የሚገባቸው ሰኞ፣ ኢትዮጵያዊ፣ አጋሮና ጅማ ናቸው፤ ነጋዴ፣ ቀንና ቡና ግን የወል ስሞች ናቸውና በታናሽ ይቀራሉ። ልጁ ቢያመነታ፣ «ይህ ቃል የአንዱ የብቻው ስም ነውን? ወይስ ከአገር ወይም ከሕዝብ ስም የወጣ ነውን?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱን ራሱ ያገኘዋል።