«ዛሬም አለ?»

እትዬ ስልካቸውን ይዘው የገቡት ልጆች ከትምህርት ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት ነበር። እኔ 18 ማዞሪያ ላይ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ እሳቸው ከእኔ ሦስት በር አልፎ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ይሸጣሉ። «እስቲ አንብብልኝ ልጄ፣ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?» አሉኝ። ጉግል ላይ የሱቃቸውን ስም ጽፈዋል። ገና ፈልግ ሳይሉት ከሥር መስመሮች ተደርድረዋል። ሁለተኛው የሱቁን ስም ይዞ መጨረሻው ላይ «ጡብ» ይላል።

የእሳቸውንም የሱቁንም ስም እዚህ አልጽፍም። ብጽፈው አንባቢ ስልኩን አውጥቶ ይፈልገዋል፤ ያ ደግሞ እሳቱ ላይ ጭራሮ መጨመር ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ልጅ በርበሬ ከተፈጨ ጡብ ጋር እየተቀላቀለ ይሸጣል አለ፤ የማንንም ስም አልጠራም። ከሥር ግን አንድ ሰው «የእትዬ ሱቅ ይሆን እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። በበርበሬ ላይ ጡብ፣ በቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች ወሬ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም፤ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ደንግጦም ያደረገው ሁላችንም የምናደርገውን ነው፦ ስሙንና ቃሉን አንድ ላይ ጽፎ ፈለገ።

እትዬ ያሳዩኝ ዓይነት መስመር የፍለጋ ጥቆማ ይባላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2004 በሙከራ ጀምሮት በ2008 ዋናው የፍለጋ ገጹ ላይ አዋለው። መስመሮቹን ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው የለም። ማሽኑ ሰዎች ከዚህ በፊት የጠየቁትን ያያል፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚጻፍ፣ በምን ቋንቋ፣ ከየት አካባቢ፣ ሰሞኑን ምን እንደበረታ ይመለከትና የጀመርከውን ሊጨርስልህ ይቀድምሃል። እውነት ነው ሐሰት ብሎ አያጣራም። «ጡብ አለበት ወይ?» ብሎ የተጨነቀ ደንበኛና «ጡብ አለበት» ብሎ ያመነ ሰው ለእሱ አንድ ናቸው። የሁለቱም ጥያቄ ተደምሮ ለሦስተኛው ሰው ክስ ሆኖ ይታየዋል።

ድሮ በሰፈራችን አሉባልታ ሲነሳ «ማን ነገረሽ?» እየተባለ ከቤት ቤት ተኪዶ መነሻው ቡና ዘንድ ይደረስ ነበር። እትዬም የሚያውቁት ይህን ነው። «ሰው ቢሆን ሽማግሌ እልክበት ነበር» አሉኝ፤ «ይኼን ግን ማንን ልላክበት?»

ስልካቸውን ተቀብዬ ቀረብ አድርጌ አየሁት። «ጡብ» ከሚለው መስመር ጎን ትንሽ የሰዓት ምልክት አለች። ሰዓቷ የምትነግረን ይህ ፍለጋ ቀድሞ በራሳቸው ስልክ የተደረገ መሆኑን ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ማንነትን በማያስታውሰው መስኮት ስሞክረው ቃሉ አልጠፋም፤ ግን ወደ አራተኛው መስመር ወርዷል። «በቀን ስንት ጊዜ ያዩታል?» አልኳቸው። ጠዋት ሲነሱ፣ ሱቅ ሲከፍቱ፣ ማታ ሳይተኙ። ልጃቸውም ታያለች። ደሴ ያሉት እህታቸውም ያያሉ። ዋሽንግተን ያለች ደንበኛቸው በየሳምንቱ እየደወለች «ዛሬም አለ» ትላቸዋለች። የማኅበር ጓደኞቻቸው ሳይቀሩ ለእሳቸው አዝነው ስሙንና ቃሉን አንድ ላይ እየጻፉ ያጣራሉ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፦ ያን ቃል በስማቸው ጎን አጥብቀው ከያዙት ሰዎች ብዙዎቹ የሚወዷቸው ናቸው። እንደ አማርኛ ባለ፣ ፍለጋው እንደ እንግሊዝኛው በማይበዛበት ቋንቋ ደግሞ ጥቂት ሰው ደጋግሞ ሲጠይቅ ቶሎ የሚታይ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ማቆም ሆነ። ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ተደወለ፤ «እባካችሁ አትፈልጉት» ተባለ።

ቀጥለን ለጉግል አመለከትን። ስልክ ላይ መስመሩን ተጭኖ መያዝ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ከጥቆማዎቹ ሥር ጥቆማን ሪፖርት ማድረጊያ አለ። ጉግል ጥላቻን፣ ወሲብን፣ ዓመፅንና በሰው ላይ የሚደረግ ትንኮሳን የያዙ ጥቆማዎችን አነሳለሁ ይላል፤ ለነጋዴ ስለማይመች ብቻ ግን አያነሳም። ይህን ለእትዬ አልደበቅኳቸውም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሱቁ ስም «ጸ» አለበት። በ«ፀ» የሚጽፈው አለ፣ በላቲን ፊደል የሚጽፈው አለ፤ ለሦስቱም የሚመጡት መስመሮች ይለያያሉ። በሦስቱም አመለከትን።

በዚህ ጉዳይ እስከ ፍርድ ቤት የሄዱ አሉ። የጀርመን ፕሬዚዳንት የነበሩት የክርስቲያን ቩልፍ ባለቤት ቤቲና ቩልፍ፣ ስማቸው ሲጻፍ ከሴተኛ አዳሪነት ጋር የሚያያይዙ ቃላት ስለሚመጡ እ.ኤ.አ. በ2012 ጉግልን ከሰሱ። በሌላ ሰው ክስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 የአገሪቱ ከፍተኛው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ወሰነ፦ ጉግል ጥቆማዎቹን አስቀድሞ የማጣራት ግዴታ የለበትም፤ መብት የሚነካ መሆኑ ከተነገረው በኋላ ግን ማስቆም አለበት። እኛም አገር የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2044 ስም ማጥፋትን ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ሰው ስለራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። እትዬ ግን መክሰስ አልፈለጉም። «የጠየቀ ሰው ምን አጠፋ?» አሉ።

በቴሌግራም «በሳምንት አጠፋልዎታለሁ» ብሎ ገንዘብ የጠየቃቸው ሰው ነበር። እንዳይከፍሉ ለመንኳቸው። እንዲህ ያሉት በብዙ ስልክ ሌላ ቃል እያስጻፉ ማሽኑን ለማታለል ይሞክራሉ፤ ክፍያው ሲቆም የቀድሞው ቃል ተመልሶ ይመጣል።

እኔ የማምነው ሰው ሌላ ነገር እንዲጠይቅ ምክንያት መስጠትን ነው። የሱቁን አድራሻ፣ ስልክና የሚከፈትበትን ሰዓት ጉግል ካርታ ላይ አስገባን። እትዬ ዛላውን ሲቀነጥሱ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጋር ሲደልዙ፣ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ፎቶ አነሳኋቸው። የበርበሬውን ናሙናም ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። አሸዋም ሆነ ጡብ የሚለየው በርበሬው ተቃጥሎ አመዱ አሲድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ሳይሟሟ የሚቀረው ይመዘናል። ውጤቱ ንጹሕ ነበር። ወረቀቱን እኔው ፎቶ ኮፒ አድርጌ ግድግዳቸው ላይ ለጠፍኩት። በምንጽፈው ሁሉ ግን «ጡብ» የሚለውን ቃል አንዴም ከስማቸው ጎን አላስቀመጥንም።

ከወረቀቱ ይልቅ ደንበኛውን የሚይዘው ብርጭቆው ነው። እትዬ ባንኮኒው ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጠዋል። የሚጠራጠር ሰው ሲመጣ ምንም ሳይናገሩ አንድ ማንኪያ በርበሬ ይበትኑበታል። በርበሬው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ጡብ ቢኖርበት ወዲያው ታች ይሰፍር፣ በጣትም ሲያሹት ይሻክር ነበር። ደንበኛው ጎንበስ ብሎ የብርጭቆውን ታች ያያል።

ሁለት ወር ሆነ። በ«ጸ» ሲጻፍ ባለፈው ሳይ «ዋጋ» እና «18 ማዞሪያ» ከላይ ነበሩ። በ«ፀ» ሲጻፍ ያ ቃል መጨረሻው መስመር ላይ ቆይቷል። ትናንት ማታ እትዬ ሱቃቸውን ዘግተው ሲያልፉ በሬ ላይ ቆም አሉ።

«ዛሬም አለ?»

«እንደ ተባባልነው አላየሁም፣ እትዬ» አልኳቸው።