ተጠራጣሪው ፈርነስ

ሜሪላንድም ሆነ ሚኒሶታ፣ ቤት የገዛ ሐበሻ ክረምቱ በገባ ሰሞን የሚገጥመው ነገር አለ። ቴርሞስታቱ 70 ላይ ነው፤ ቤቱ ግን ይበርዳል። ምድር ቤት ተወርዶ ሲታይ ቤቱን የሚያሞቀው ፈርነስ ይነሣል፣ ነበልባሉ ቦግ ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል፤ ደግሞ ጭጭ። አብዛኛው ሰው “ተቃጠለ” ብሎ ለቴክኒሻን ይደውላል። ብዙ ጊዜ ግን የተቃጠለ ነገር የለም። ማሽኑ የቆመው ስለተጠራጠረ ነው።

የጋዝ ፈርነስ ሲሠራ እንዲጠራጠር ተደርጎ ነው። ቴርሞስታቱ ሙቀት ስለጠየቀ ብቻ ጋዝ አይለቅም። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ሞተር ተነሥቶ የጭስ ማውጫውን መሳብ ይጀምራል። በርግጥ እየሳበ መሆኑን ደግሞ በቀጭን የጎማ ቱቦ የተያያዘው ፕሬዠር ስዊች ያጣራል። እሱ ካለፈ በኋላ ለኳሿ እስክትቀላ ትግላለች፣ ጋዙ ይከፈታል፣ እሳቱ ይያያዛል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እሳቱ መኖሩ ካልተረጋገጠ ቫልቩ ተመልሶ ይዘጋል፤ ያልነደደ ጋዝ ከሚጠራቀም ቤቱ ቢበርድ ይሻላል። ብዙዎቹ ሦስቴ ያህል ሞክረው ካልሆነላቸው ራሳቸውን ይቆልፋሉ።

እሳት መኖሩ የሚረጋገጥበት መንገድ የዚህ ሁሉ ቁንጮ ነው። ከእርሳስ የቀጠነች የብረት ዘንግ ነበልባሉ ውስጥ ገብታ ትቆማለች። ሙቀት አትለካም፤ ብርሃንም አታይም። ጋዝ ሲነድ አዮኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ ስለሚፈጠሩ ነበልባል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የፈርነሱ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ በዘንጓ በኩል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ወደ እሳቱ ይልካል። ከእሳቱ ማዶ ያለው በርነር ግን ከዘንጓ እጅግ የሰፋ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በአንዱ አቅጣጫ እንደልቡ ሲያልፍ በሌላው ይቸገራል፤ በድምሩም ወደ አንድ ወገን ያደላል። የሚያደላው መጠን የአምፔር ጥቂት ሚሊዮንኛ ብቻ ቢሆንም ሰሌዳው የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ይህን ያህል መራቀቅ ለምን አስፈለገ? ዘንጓ ጠማ ብላ በርነሩን ብትነካም ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ የሚያልፈው ግን በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው። ሰሌዳው በዚህ አይሸወድም። እንዲያደላ የሚያደርገው ነበልባሉ ነው።

ጉዳዩ የሚሊዮንኛ ስለሆነ ማስረጃውን ለማጥፋት ብዙ ቆሻሻ አያስፈልግም። ዘንጓ ላይ የሚጋገር፣ በዓይን እምብዛም የማይለይ ስስ ሽፋን ይበቃል። ለማጽዳት ከፈርነሱ አጠገብ ያለውን ማጥፊያ ወይም ብሬከሩን ያጥፉ፤ የጋዝ መስመሩን ቫልቭም ይዝጉ። ክዳኑን ሲያነሡ ከውስጥ በኩል የተለጠፈውን ወረቀት ቢያነቡት አይከፋም፤ የሰሌዳው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ የሚናገረው ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ዘንጓ በአብዛኛው በአንድ ብሎን ብቻ የታሰረች ናት። ፈትተው ነጩን ሴራሚኳን ይያዙና ብረቷን በስስ የብረት ሱፍ ቀስ ብለው ይፈግፍጉ። ሸካራ የአሸዋ ወረቀት ይጭራታል፤ የተጫረ ብረት ደግሞ ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል። በዶላር ኖት የሚወለውሏትም ቴክኒሻኖች አሉ፤ ወረቀቱ ሻከር ስለሚል ይሠራል። ለኳሿን ግን አይንኳት፤ በቀላሉ ትሰበራለች።

ፊልተር መቀየር ሁሉም የሚያውቀው ሁሉም የሚረሳው ሥራ ነው። ባለ አንድ ኢንች ፊልተር ከ1 እስከ 3 ወር ያገለግላል፤ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ወደ አንዱ ወር ቢጠጉ ይሻላል። ሲያስገቡት ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር። ፊልተሩ ከተደፈነ የሚያልፈው አየር ያንሳል፣ እሳቱ ያለበት ብረትም ከልክ በላይ ይግላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ጠባቂ ጋዙን ይዘጋል። ቀዝቀዝ ሲል ይለኮሳል፣ ሲግል ይዘጋል። ብረት ደግሞ እየሰፋና እየተኮማተረ ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል። በእኔ ግምት በጥቂት ዶላር ፊልተር ቸልተኝነት ይህን ያህል የሚያስከፍል ሌላ የቤት ዕቃ የለም።

ጭሱ በነጭ ፕላስቲክ ቧንቧ የሚወጣ ከሆነ ፈርነሱ አዲሱ ዓይነት ነው፤ ከጋዙ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ ይጠቀማል። ይህን የሚያደርገው ጭሱን እስኪያልበው አቀዝቅዞ ነው። 1 ኪሎ ሜቴን ሲነድ 2.25 ኪሎ ያህል ውሃ ይፈጠራል፤ የድሮው ዓይነት እንፋሎቱን ከነሙቀቱ ወደ ሰማይ ይለቀው ነበር። አሁን ውሃው በቀጭን ቱቦ ይወርዳል፣ አሲድነት አለው፣ ቱቦውም ይደፈናል። ውሃው ሲያቁር የጭሱ መንገድ ይጠብና ፕሬዠር ስዊቹ “አልሳበም” ይላል። ቱቦውን በውሃ ማጠብ፣ በረዶ በጣለ ቁጥርም ውጭ ያለውን የቧንቧ አፍ መጥረግ ከባለቤቱ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ ወዲያ እጅን መሰብሰብ ነው። ጋዝ ቫልቭ፣ በርነር፣ የተሰነጠቀ ብረት የባለሙያ ናቸው። ነበልባሉ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ከዞረ፣ ጥላሸትም ከታየ፣ ፈርነሱ ይጥፋና ይደወል። የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። በ1937 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኒው ለንደን ከተማ አንድ ትምህርት ቤት በጋዝ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ካለቁ በኋላ ነው ሽታ መጨመር በሕግ ግዴታ መሆን የጀመረው። ስለዚህ ጋዝ ከሸተተዎት መብራት እንኳ ሳይነኩ ይውጡ፤ ስልኩን ከውጭ ይደውሉ።

በደንብ ሳይነድ የቀረ ጋዝ የሚተፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታ የሚጨምርለት የለም። አገር ቤት በር ተዘግቶ ከሰል ሲሞቅ ሰው የሚጨርሰው ይኸው ጋዝ ነው፤ “ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ አልቋል” መባሉም አያድንም፣ ፍሙ ራሱ ያመነጨዋልና። ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰው ጉንፋን ይመስለውና ተሸፋፍኖ ይተኛል። አሜሪካ ውስጥ ከእሳት አደጋ ውጭ በዚህ ጋዝ በድንገት የሚሞተው በዓመት ከ400 ሰው ይበልጣል። በየፎቁና ከመኝታ ክፍል አጠገብ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ መኖር አለበት። ጀርባው ላይ ቀን አለ፤ እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ካገለገለ በኋላ ባትሪ ቢቀየርለትም ሴንሰሩ ስለሚደክም መለወጥ ያለበት መሣሪያው ራሱ ነው።