ጠፍሩ ነው ፍራሹ?

ሃያ ሁለት ኪሎ ቀንሼ "እንኳን ደስ አለሽ" ያለኝ ሰው አልነበረም። የሁሉም ሰላምታ "አመመሽ እንዴ?" ነው። ጎረቤታችን እትዬማ አገጬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩኝና፣ "ውይ በሞትኩት! ፊትሽ እኮ ረገበ" አሉ። ያኔ 29 ዓመቴ ነበር። ከ86 ኪሎ ወደ 64 ለመውረድ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል፤ ዳቦና ስኳር ትቼ፣ ከቤቴ እስከ ስቱዲዮ በእግሬ እየተመላለስኩ፣ ሁዳዴም መሀል ገብቶ አግዞኝ። ወገቤ ሲሄድ ጉንጬም አብሮት ይሄዳል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ነው። ቅዳሜና እሁድ አነሳለሁ፤ በአዘቦቱ ቀን ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የሙሽሮችን ፊት አስተካክላለሁ። ከአፍንጫ ጥግ ወደ አፍ ዳር የሚወርደውን እጥፋት፣ ከአፍ ዳር ወደ አገጭ የሚንጠለጠለውን፣ ከዓይን ሥር የሚጎደጉደውን፣ ሐኪሞች የሚጠሩበትን ስም ባላውቀውም እጄ ያውቀዋል። "እቺን ትንሽ ሳብ አድርጊልኝ" የምትለኝ ሙሽራ አብዛኛውን ጊዜ ሃያ አምስት አልሞላትም። መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ሳየው ግን እጄ ላይ ማውስ አልነበረም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስልኬን ነው። ስልክን በክንድ ርቀት ይዞ ራስን ማንሳት ፊትን ያዛባል። በፈረንጆቹ 2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ ፊት ላይ አፍንጫ ከእውነተኛው ስፋቱ 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል፤ 1.5 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። አናት ላይ የሚወርድ የቀትር ብርሃን ሲጨመርበት እያንዳንዷ እጥፋት ጥላ ታበጃለች። ስለዚህ ካሜራዬን በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት ሜትር አርቄ ተከልኩ፣ መብራቱን ከፊት ለፊቴ አደረግሁ፣ ራሴን አነሳሁ። ግማሹ ጥፋት የስልኩ ነበር። ግማሹ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ያደረግሁትን ለመናገር አፍራለሁ። ከአንድ ኮስሞቲክስ ሱቅ ጽሑፍ የሌለው ነጭ ቆርቆሮ በ850 ብር ገዛሁ። ባለሱቋ "ቅልቅል ነው፣ ፊትሽን ሰብሰብ ያደርግልሻል" አለችኝ። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ፤ ማድያቴ ደበዘዘ፤ "ምን ተቀብተሽ ነው?" የማትል ጓደኛ አልነበረችኝም። በሦስተኛው ወር ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ቀያይ ሥሮች ብቅ አሉ። ሽሮ ሳማስል እንፋሎቱ ፊቴን ይለበልበኝ ጀመር። ቆዳዬም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳሳ፤ ጠዋት ትራሱ የተወብኝ መስመር እስከ እኩለ ቀን አይጠፋም።

ሁለተኛውን ስህተት ልሠራ ስል ነው ያመለጥኩት። አንድ የውበት ማዕከል ገባሁና ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ ለአምስት ደቂቃ እንኳ ሳታየኝ፣ ቆዳን በሙቀት የሚወጥር ማሽን ሦስት ዙር እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። ቀብድ ልከፍል ቦርሳዬን ስከፍት ባንክ ያለው ገንዘብ ለካሜራ ባትሪ የተቀመጠ መሆኑ ትዝ አለኝ። ድህነትም አንዳንዴ ይጠቅማል። በማግስቱ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ምን ትቀቢያለሽ?" ብላ ነው። ቆርቆሮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ከፈተችው፣ አየችው፣ ዘጋችው። "ውስጡ ያለውን ላውቅ አልችልም፤ ፊትሽ ግን ስቴሮይድ ነው እያለኝ ነው" አለች። እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያሉት የስቴሮይድ ቅባቶች ለችፌና ለመሰል ሕመም ትልቅ መድኃኒት ናቸው። ክሎቤታሶል ከሁሉም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይቀቡት ይመከራል፤ ለፊትም አይደለም። መጀመሪያ ላይ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብና ስለሚያነጣ ያሳምራል። ከሥር ግን ኮላጅን የሚሠሩትን ሕዋሳት ሥራ ያስፈታል። እኔ ቆዳዬን ለመወጠር ብዬ የሚያረግበውን ነገር በገንዘቤ ገዝቼ ስቀባ ነበር ማለት ነው። በአንድ ቀን እንዳላቆመውም አስጠነቀቀችኝ፤ ድንገት ሲተውት ፊት ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ሽፍ ይላል። እሷ ባዘዘችልኝ ደካማ ቅባት እየቀነስኩ ስድስት ሳምንት ወሰደብኝ።

ቀጥላ በጀርባዬ ተኝቼ በእጅ መስታወት ፊቴን እንዳይ፣ ከዚያ ጎንበስ ብዬ እንዳይ አደረገችኝ። ከመንጋጋዬ ሥር ያለውን ቆዳ ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቶሎ ተመለሰ። ጉንጬን ስትጫነው ግን ጣቷ ወዲያው አጥንት አገኘ። ነገሩን ስታስረዳኝ ትዝ ያለኝ የአያቴ ጠፍር አልጋ ነው። አልጋው ላይ ስትተኛ ወደ መሀል የሚሰምጥ ከሆነ አያቴ ዝም ብለው ጠፍር አያስወጥሩም ነበር፤ መጀመሪያ ፍራሹን ገልጠው ያያሉ። ፍራሹ ሳስቶ ከሆነ ጠፍሩ ምን አጠፋ?

ፊትም እንዲሁ ነው። አጥንቱ የአልጋው እግርና ወርች ነው። ጠፍሩ መካከለኛው የቆዳ ንጣፍ ውስጥ ያሉት ክሮች ናቸው፤ ከክሮቹ አብዛኛው ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገው ኢላስቲን። ፍራሹ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ነው። ኮላጅን ከሃያዎቹ ዕድሜ ጀምሮ በዓመት አንድ በመቶ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል ይባላል፤ በሠላሳ ዓመት ያ ብቻውን ፊት አይጥልም። የእኔ ጠፍር በቅባቱ ሳስቶ ነበር፣ አልተበጠሰም። የጎደለው ፍራሹ ነው። የሰውነት ስብ በፍጥነት ሲቀልጥ የጉንጭና የዓይን ሥር ስብም አብሮ ይቀልጣል፤ ትናንት ሞልቶት የነበረው ቆዳ ባዶ ከረጢት ይሆናል። ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚያ ለመክሳት በሚወጉት መርፌ ስም "የኦዜምፒክ ፊት" እያሉ እንደሚቀልዱ ነገረችኝ። ጥፋቱ ግን ከመርፌው ይልቅ የፍጥነቱ ነው፤ በጾምም በእግር ጉዞም ቶሎ የከሳ ሰው ያንኑ ፊት ያገኛል።

የውበት ማዕከሉን ማሽን ስነግራት ዶክተሯ ሳቀች። በሬዲዮ ሞገድ ወይም በአልትራሳውንድ የሚሠሩት ማሽኖች ንጣፉን አሙቀው ክሮቹ እንዲሰበሰቡና በወራት ውስጥ አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ ጠፍሩ ትንሽ ለረገበበት ወጣት መጠነኛ ጥቅም አላቸው። ሙቀቱ በዝቶ ከጠለቀ ግን ስብም ሊያቀልጥ ይችላል። ስብ ለጎደላት ሴት ስብ የሚያቀልጥ ሙቀት! የተወሰኑ ሌዘሮች ደግሞ የእኛን ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ አቃጥለው ጥቁር ምልክት ይተዋሉ፤ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰውማ ከመነካቱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ለጎደለ ፍራሽ የሚሆነው መሙያ ነው፤ በብዛት ሃያሉሮኒክ አሲድ። እሱም በተሳሳተ ቦታ ከተወጋ የደም ሥር ዘግቶ ቆዳ ሊገድል፣ ዓይንም ሊያጠፋ ስለሚችል ማፍረሻውን መድኃኒት አጠገቡ ያስቀመጠ ሐኪም የሚሠራው እንጂ የፀጉር ቤት ወንበር ላይ የሚደረግ አይደለም። "አንቺ ግን ክብደትሽ ከቆመ በኋላ ስድስት ወር ጠብቂ፤ በዚህ ዕድሜ ቆዳ ራሱ ይሰበሰባል" አለችኝ።

ሌሎችንም አጣርታ አለፈች። ሲጋራና ሺሻ፣ አላጨስም። በዘር የሚወረስና ቆዳን ከልጅነት ጀምሮ የሚያላላ ሕመም አለ፤ የመገጣጠሚያዬን መታጠፍና የጠባሳዎቼን መልክ አይታ የለብሽም አለችኝ። አንድ ነገር ግን ደጋግማ ነገረችኝ፦ ፊት በአንድ ጎን ድንገት ከወደቀ የቆዳ ጉዳይ አይደለም። "ብርድ መታው" ብሎ ፎጣ ማሞቅ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሮጥ ነው።

የሰጠችኝ ማዘዣ አጭር ነበር። ጠዋት የፀሐይ መከላከያ፤ ቆዳዬ ካገገመ በኋላ ማታ ማታ የአተር ፍሬ የምታክል ትሬቲኖይን። ትሬቲኖይን አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1971 ለብጉር የተፈቀደ ነው። በ1980ዎቹ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው አልበርት ክሊግማን በፀሐይ የተጎዳ ቆዳንም እንደሚያሻሽል ከባልደረቦቹ ጋር ጽፎ አሳየ። ያደርቃል፣ ይልጣል፣ ውጤቱ በወራት ነው የሚመጣው፤ ላረገዘች ወይም ለማርገዝ ላሰበች አይሆንም። የኮላጅን ክሬም ልግዛ ወይ ስላት፣ የኮላጅን ሞለኪውል ገዝፎ በቆዳ በር እንደማይገባ ነገረችኝ። የሚያለሰልሰው ላዩን ነው።

"ጠቆር ላለ ሰው መከላከያ ምን ያደርጋል?" አልኳት። በጣም ጥቁር ቆዳ በራሱ ያለው መከላከል በመከላከያ ቅባቶች መለኪያ 13 ገደማ ነው፤ ለየቀኑ የሚመከረው 30ና ከዚያ በላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ስለቀዘቀዘ ፀሐይዋ የደከመች ይመስለናል። አውስትራሊያ፣ ናምቡር ላይ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች ለአራት ዓመት ተኩል ክትትል ተደርጎባቸው፣ መከላከያውን በየቀኑ የሚቀቡት ሰዎች የቆዳ እርጅና እንዳሻቸው ከሚቀቡት 24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። መጀመሪያ የገዛሁት መከላከያ ዱቄት የተነፋብኝ አስመስሎኝ ነበር፤ አሁን ቀለም ያለውን አግኝቻለሁ፣ ለማድያቱም ይሻላል።

ያን ቀን ከክሊኒክ ተመልሼ የአጎቴን ልጅ ሰርግ ፎቶ ስሠራ አጎቴ ላይ ቆምኩ። የጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ሹፌር ነው። የቀኝ ጉንጩ የአንድ ሰው፣ የግራው የሌላ ሰው ነበር፤ ግራው ወፍሮ፣ ተሸብሽቦ፣ ወደ አንገቱ ወርዷል። የዶክተሯን ቃል አስታወስኩ፦ የመኪና የጎን መስኮት መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ይከለክላል፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ኮላጅንን የሚበላውን ግን ያሳልፋል። በፈረንጆቹ 2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት የዕቃ ማመላለሻ መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አትሞ ነበር፤ የፊቱ ግራ ጎን ልክ እንደ አጎቴ ነው። ከዚያ የድሮ ፎቶዎቹን ሁሉ ከፈትኩ። ምንም ሳላስብበት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አጎቴን በቀኝ በኩል ብቻ ነው ያነሳሁት።

አንድ ትዩብ መከላከያ ገዝቼ፣ "ጋሼ፣ ሁለት ጣት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከሰዓት ይደገማል" ብዬ ሰጠሁት። "ምን ሙሽራ አደረግሽኝ?" ብሎ ዳሽቦርዱ ውስጥ ወረወረው። በሳምንቱ ከሚሌ ደወለ። አልቋል አለኝ፤ ረዳቱም እየተቀባ ነው፤ ሌላ ልላክለት።